ጥያቄና መልስ፦ የሚያፈስ ማርሚታ ሙሉው ሳይለወጥ እንዴት ይጠገናል?

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ የሚያጠነጥኑት በአሮጌ መኪና ጭስ ማውጫ ላይ ነው። አዲስ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ) መግዛት ለብዙ ሰው ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ በትንሽ ወጪ የሚሠራውን፣ የማይሠራውንና የማይሠራበትንም ምክንያት አብረን እንጽፋለን።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ ላዳዬን ታክሲ ነው የምሠራባት። ማርሚታው መሃል ላይ ተበስቷል። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ራሴን ያመኛል፤ ከኋላ የሚቀመጡትም «ጭስ ሸተተን» ይላሉ። የኋላውን መስኮት ስከፍት ደግሞ ይብሳል። ሥራ ማቆም አልችልም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ብታገሠው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ከሁሉም ያስቀደምነው የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ነው። እባክዎ አንድ ቀንም አይታገሡ። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ተሳፋሪዎችዎ የሚሸታቸው ያልተቃጠለው ቤንዚን ነው፤ መርዙ ግን ሽታ በሌለበትም ሊኖር ይችላል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን 200 ጊዜ ያህል አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ትንሽ በትንሽ ሲገባ ቀኑን ሙሉ ይጠራቀማል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው። ከመኪናው ወርደው ነፋስ ሲያገኙ ከቀለለዎት ወይም አብሮዎት የተቀመጠውም ሰው ከታመመ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። መደናገር ወይም የደረት ሕመም ከመጣ በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

የኋላ መስኮት ሲከፈት የሚብሰው መኪና ሲሄድ ከበስተጀርባዋ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው። ጭሱ እዚያ ይሽከረከርና በተከፈተው መስኮት ወይም በኋላው ኮፈን ላስቲክ በኩል ተመልሶ ይገባል። ጋራዥ እስኪደርሱ የፊት መስኮቶችን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ፣ የኋላ መስኮቶችንና የኋላውን ኮፈን ይዝጉ፣ ማራገቢያውን የውጭ አየር ላይ ያድርጉ፣ መንገድ ሲዘጋጋ ሞተሩን ያጥፉ።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላም ምንጣፉን ያንሡና ወለሉን ይዩ። የማርሽ ዘንግ ሥር ያለው ጎማ ተቀዶ ከሆነ፣ ምንጣፉ ሥር ዝገት ወለሉን በልቶት ከሆነ፣ የፔዳል ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ክፍት ከሆነ መርዙ የሚገባው በእነዚህ ነው። የወለሉን ቀዳዳ በላሜራና በሲሊኮን መድፈን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለቆላ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ክፍል) እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ቤንዚን ሲበዛ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይበዛል። ማርሚታውን ሲያሠሩ ካርቡራተሩንም ያስስተካክሉ፤ የነዳጅ ወጪዎም ይቀንሳል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። ሰሞኑን እንደ ትራክተር ትጮሃለች። ለቦሎ ምርመራ ላቀርባት ቀኑ ደርሷል። ጋራዥ ስወስዳት «ከማኒፎልዱ (ከሞተሩ ጋር ከሚገናኘው የጭስ መቀበያ) እስከ ጫፉ ይለወጥ» አሉኝ። ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ግን ቀዳዳው የት እንደሆነ ሳይታወቅ ማጣበቂያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ፍለጋውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ያድርጉት። ሜዳ ላይ ያቁሟት፤ የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ። ከሥር መግባት ካለብዎ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ የብረት ካቫሌቶ (ቋሚ መደገፊያ) ይደግፉበት። ብሎኬት ፈጽሞ አይጠቀሙ። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳይሰነጠቅ ምልክት ሳይሰጥ በአንድ ጊዜ ይደቃል።

ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) ያስነሡ። አንድ ሰው ወፍራም ጓንት አድርጎ በታጠፈ ጨርቅ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለ5 ሰከንድ ያህል ይድፈን። ጤነኛ ከሆነ ጨርቁ ይገፋል፣ ሞተሩም ይታፈናል። ቀዳዳ ካለ ሞተሩ ምንም ሳይመስለው ይቀጥላል፤ ከሥርም «ፍስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ካልለየልዎ ሩብ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥብጠው መገጣጠሚያዎቹን በብሩሽ ይቀቡ፤ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ነው ቀዳዳው። ጥቁር ጥላሸትም ይመራዎታል። የቱቦው የላይኛው ጎን ከሥር ስለማይታይ ስልክዎን አስገብተው ፎቶ ያንሡት፤ ብዙ ቀዳዳ ተሰውሮ የሚኖረው እዚያ ነው። በመጨረሻ ሞተሩን ያጥፉና ቱቦውን በካቻቢቴ እጀታ እያንኳኩ ይሂዱ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ ዝገት የበላው ዱብ ዱብ ይላል።

ከዚያ የሚወስነው ቀዳዳው ከሞተሩ ያለው ርቀት ነው። ማኒፎልዱ አካባቢ ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ እዚያ ማጣበቂያ አይቆይም። ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ይበርዳል፤ የመጨረሻው ማርሚታ ላይ ልጥፍ ጥሩ ዕድሜ ይኖረዋል።

ቀዳዳው መሃለኛው ቱቦ ላይ ከሆነና ዙሪያው ያለው ብረት ጠንካራ ከሆነ እንዲህ ያድርጉ። የሚያስፈልግዎ የሽቦ ብሩሽ፣ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ሁለት የብረት ፋሼታ (ቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) እና አንድ ቆርቆሮ የጭስ ማውጫ ማጣበቂያ ነው። መጀመሪያ ዝገቱን እስኪያበራ ድረስ ይፈግፍጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ማጣበቂያው ዝገት ላይ ሲቀባ የሚይዘው ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይደለም፤ በሳምንቱ እንደ ቅርፊት ይነሣል። የቱቦውን ዙሪያ በክር ይለኩና 2 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ላሜራውን ይቁረጡ። የውጭ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ዙሪያው 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ 16 ይሆናል ማለት ነው። ወርዱ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ 3፣ 3 ሴንቲ ሜትር ማለፍ አለበት። ተመሳሳይ ውፍረት ባለው ቧንቧ ላይ አስቀድመው ጠቅልለው ቅርፁን ያስይዙት።

ማጣበቂያው ብዙውን ጊዜ በሶዲየም ሲሊኬት የተሠራ ስለሆነ ብረቱን በእርጥብ ጨርቅ ትንሽ ያርጥቡት፤ ደረቅ ብረት ላይ በደንብ አይይዝም። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ይቀቡ። «ይብዛለት» ብለው ካበዙት ውስጡ የቀረው ውሃ ሲሞቅ እንፋሎት ሆኖ ያሳብጠዋል፤ ከዚያ ይሰነጠቃል። ላሜራውን ሲጠቀልሉ ጫፎቹ የሚደራረቡበት ቦታ ከቀዳዳው በተቃራኒ በኩል ይሁን። ሁለቱን ፋሼታዎች በየጫፉ ያጥብቁ። ሌሊቱን ይደር። በማግሥቱ ሞተሩን በሚኒሞ 10 ደቂቃ ያህል አሙቀው ያጥፉት፤ ሲበርድ ፋሼታዎቹን እንደገና ያጥብቁ፤ መጀመሪያ ሲሞቅ መላላታቸው አይቀርም።

የወተት ወይም የቲማቲም ድልህ ጣሳ ለጊዜው ያደርሳል፤ ስስ ስለሆነ ግን ቶሎ ይበላል። በሁለት ቱቦ የሚሸጠው የብረት ኤፖክሲ አይሆንም። ተራው ዓይነት 150 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚለሰልስና ስለሚቃጠል፣ በሁለተኛው ቀን የሚሸትትዎ እሱ ራሱ ነው። ጀሶና ሲሚንቶም ንዝረት ይሰነጥቃቸዋል።

ካቻቢቴው ቱቦውን የሚበሳው ከሆነ ልጥፍ አይበቃም። የተበላውን ክፍል በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) ይቁረጡና የውስጥ ስፋቱ ከቱቦው የውጭ ስፋት ጋር የሚገጥም ቁራጭ ያልብሱት። ከሁለቱም ወገን ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይደረብ። የቁራጩን ጫፎች በርዝመታቸው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል በየአራት ቦታው ከሰነጠቁት ፋሼታው ሲጠብቅ ይጨብጣል። የዩ ቅርፅ ያለው ባለ ዳዶ ፋሼታ ይሻላል፤ ቱቦውን ስለሚጨመድደው ግን በኋላ መፍታት እንደሚያስቸግር ይወቁት። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሲወርዱ የተቆረጠውን ቁራጭ ይዘው ይሂዱ፤ በቃል የተነገረ ልክ አይገጥምም። የውሃ ቧንቧ ቢሰጡዎት አይቀበሉ። ክብደቱ መገጣጠሚያውን ይሰነጥቀዋል።

ያገለገለ ማርሚታ ከገዙ በእጅዎ አንሥተው ያናውጡት። ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ የውስጡ ግድግዳ ወድቋል። ስፌቱን በጣትዎ ይዳብሱት፤ አሸዋ የሚመስል ዝገት ከረገፈ ይተዉት።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ጠዋት ሳስነሣት «ጢቅ ጢቅ» ትላለች፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ማኒፎልዱ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጥላሸት ስላየሁ ማጣበቂያ ቀባሁት፤ በሳምንቱ ተፈናጥሮ ወጣ።

መልስ፦ የማኒፎልድዎ ጋስኬት (በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ተቃጥሏል። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ክፍተቱ ይዘጋል፤ ድምፁ የሚጠፋው ለዚህ ነው። የፑንቴሪያ (የቫልቭ መግፊያ) ድምፅ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ሞቆም አይተውዎትም ነበር። እርግጠኛ ለመሆን አንድ ሜትር የውሃ ጎማ አንዱን ጫፍ ጆሮዎ ላይ፣ ሌላውን ማኒፎልዱ ዙሪያ ያዟዙሩ፤ ከማራገቢያውና ከቺንጋው (ከቀበቶው) ግን ይራቁ።

እዚያ ቦታ በየፍንዳታው ግፊት ይመታል፤ ሙቀቱም አለ፤ ከውጭ የተቀባ ነገር አይቋቋመውም። ቀዩ ሲሊኮንም ወደ 300 ዲግሪ ገደማ ነው የሚችለው። ጋስኬቱ ርካሽ ነው፤ ውድ የሚያደርገው ብሎኖቹ ሲሰበሩ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄውን እዚያ ላይ ያውሉት። ሦስት ማታ ተከታትለው፣ ሞተሩ በርዶ እያለ፣ ዳዶዎቹ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ያርከፍክፉ። እኩል የካምቢዮ ዘይትና አሴቶን ቀላቅለው መጠቀምም ይችላሉ፤ ለዚህ የሚሆነው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀጭኑ ዘይት ነው። አሴቶን በቀላሉ ስለሚነድ የሞቀ ብረት ላይ በጭራሽ አያፍስሱት። ሲፈቱ መጀመሪያ በጣም በጥቂቱ ያጥብቁ፣ ከዚያ ያላሉ፤ ሩብ ዙር ወደ ማላላቱ፣ ትንሽ ወደ ማጥበቁ እያሉ ይሂዱ። ዳዶው እንደ ማስቲካ ለስላሳ ሆኖ መዞር ከጀመረ ያቁሙ፤ ብሎኑ እየተጠመዘዘ ነው፣ ቀጥሎ ይበጠሳል። ያኔ ዳዶውን በጋዝ እሳት ማሞቅ ያዋጣል፤ ዘይቱና አሴቶኑ በደንብ ተጠርጎ፣ የቤንዚን መስመሩ ተጠብቆ።

ማኒፎልዱ ከወረደ በኋላ ፊቱ ላይ የብረት ማስመሪያ አጋድመው በብርሃን ይዩት። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያህል ክፍተት ካለ ቶርኖ ቤት ይስተካከል፤ ሁለት ጋስኬት ደርቦ መግጠም መፍትሔ አይደለም፣ ቶሎ ይቃጠላል። በአንዳንድ የድሮ ቶዮታዎች የአየር ማስገቢያውም የጭሱም ማኒፎልድ አንድ ጋስኬት ይጋራሉ፤ ሲገዙ የሞተሩን ዓይነት ይናገሩ። ሲያጠብቁ ከመሃል ጀምረው ወደ ጫፍ፣ በሦስት ዙር ይሁን። የነሐስ ዳዶ ካገኙ ይግዙ፤ ከብረቱ ጋር በዝገት ስለማይጣበቅ ቀጣዩ መፍታት ይቀልልዎታል። ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ ሲበርድ አንዴ ያጥብቁት።

ጥያቄ (ከተክለ ሃይማኖት)፦ ከሞተሩ ሥር ያለው በሽቦ የተጠለፈ ተጣጣፊ ቱቦ ተቀዷል። ቤንዚን መብላት ጀምራለች፤ የሞተር መብራትም በርቷል። በልጥፍ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ይህ ቱቦ የተሠራው እንዲተጣጠፍ ነው፤ ማጣበቂያው ደግሞ አይታጠፍም። ተቆርጦ እሱ ብቻ ይለወጣል፤ ሙሉ የፊት ቱቦ አይግዙ። የቱቦውን የውስጥ ስፋትና የተጠለፈውን ክፍል ርዝመት በሚሊ ሜትር ለክተው ይሂዱ። ቤንዚን የበዛው፣ ቀዳዳው ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ከሆነ የውጭ አየር ስለሚስብ ነው። ሴንሰሩ «ቤንዚን አነሰ» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። ስለዚህ ሴንሰር ለመለወጥ አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ቱቦው ይጠገን፣ ከዚያ መብራቱ ይታይ። የተጠለፈው ቱቦ ቶሎ ቶሎ ከተቀደደ ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች ያስፈትሹ። ሞተሩ ሲወዛወዝ ነው የሚቀደው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ጠዋት ከማርሚታው ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ልድፈናት? ደግሞ በቸርችል ቁልቁል ስወርድ ነዳጅ ስለቅ «ጧ ጧ» ትላለች።

መልስ፦ ከታች፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ፣ ጠርዟ የተስተካከለ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የሆነች ቀዳዳ ከሆነች ፋብሪካው የበሳት ናትና አይንኩ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚያህል ውሃ ይወጣዋል። ሞተሩ ሲሞቅ በእንፋሎት ይሄዳል፤ ከፒያሳ አራት ኪሎ ብቻ ተመላልሳ የምትውል መኪና ግን ማርሚታዋ በደንብ ሳይሞቅ ትቆማለች። ውሃው ከጭሱ አሲድ ጋር ውስጡ ይቀመጣል፤ ማርሚታ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚበሰብሰው በዚህ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆሙ ቢነዷት ይደርቃል። ጠርዟ የተቦጫጨቀ ከሆነ ግን ዝገት ነው።

ጧጧታው ሌላ ነው። ነዳጅ ሲለቁ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ቱቦው ያልፋል፤ በቀዳዳ በኩል አየር ሲያገኝ እዚያው ይፈነዳል። ከፊት በኩል ያለውን መገጣጠሚያ በሳሙናው ውሃ ይፈትሹ። ሁለት ብሎንና ስፕሪንግ ያለው ከሆነ መሃሉ ላይ ያለችውን ቀለበት ጋስኬት ይለውጡ፤ ስፕሪንጎቹን እስከ መጨረሻው አይጭመቋቸው፣ መወዛወዣ ቦታ ይፈልጋሉ።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ማርሚታውን በጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭ አስበይጄው ነበር። በያጁ ማታውን ብርድ ብርድ አለው፤ ቀዳዳውም ሰፋ። ምን ተበላሸ?

መልስ፦ የጣሪያ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ብርድ ብርድ የሚያሰኝና የሚያተኩስ ሕመም ያመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል፤ ካልለቀው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሐኪም ይየው። ለብየዳ ያልተለበጠ ጥቁር ላሜራ ነው የሚሆነው። ቆርቆሮ በፋሼታ ታስሮ ለጊዜው ማገልገል ይችላል፤ እሳት ግን አይንካው።

ቀዳዳው የሰፋው ለስስ ብረት ትልቅ ኤሌክትሮድና ብዙ አምፔር ተጠቅሞ ይሆናል። 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ለማርሚታ ይከብዳል፤ 2 ወይም 1.6 ሆኖ (ለ2ው ከ40 እስከ 60 አምፔር፣ ለ1.6ው ከዚያ ባነሰ)፣ ነጥብ ነጥብ እየተደረገ፣ በመካከል እየበረደ ይበየዳል። የጋዝ ብየዳ የሚችል ሰው ካለ ይመረጣል። ልጥፉ ጤነኛ ብረት ላይ ማረፍ አለበት፤ በዝገቱ ዳር ላይ የተበየደ ነገር ሁሉ አዲስ ቀዳዳ ይፈጥራል። መኪናው ላይ እያለ ከተበየደ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ፤ የብየዳው መሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር፤ አለበለዚያ ኮረንቲው በኮምፒውተሩና በሽቦዎቹ በኩል መንገድ ሊፈልግ ይችላል። የቤንዚን ታንከሩ ቅርብ ከሆነ ማርሚታው ወርዶ ይበየድ። ውሃ የያዘ ባልዲና እሳት ማጥፊያ በእጅ ይኑር።

ጥያቄ (ከተክለ ሃይማኖት)፦ የማርሚታው ማንጠልጠያ ጎማ ስለተበጠሰ በሽቦ አሰርኩት። አሁን መገጣጠሚያው ላይ መሰንጠቅ ጀመረ። ይገናኛል?

መልስ፦ አዎ፣ ሰንጣቂው ሽቦው ነው። ሞተር ይወዛወዛል፤ ጎማው ያንን እንቅስቃሴ እንዲውጥ ነው የተደረገው። ሽቦ ሲሆን ንዝረቱ በሙሉ ወደ መገጣጠሚያው ይሄዳል። አዲሱ ጎማ ርካሽ ነው፤ ካጡ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጎን፣ የብረት ክር ከሌለበት ክፍል፣ 3 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቁራጭ ቆርጠው በየጫፉ ይብሱት። በብሎን ሲያስሩት ከሁለቱም ወገን ሰፊ ሮንዴላ (ቀለበት ብረት) ያድርጉ፤ አለዚያ ብሎኑ ጎማውን ቀዶ ይወጣል። ርዝመቱ ከድሮው ጋር እኩል ይሁን። ካጠረ ቱቦው ወለሉን እየመታ ይንኳኳል፤ ከረዘመ ጉብታ በተሻገሩ ቁጥር መሬት ይነካል። ከገጠሙት በኋላ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ማርሚታውን ከጫፉ በጓንት ይዘው ግራና ቀኝ ይወዝውዙት፤ ከወለሉና ከታንከሩ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ርቆ መቆየት አለበት።